ጠዋት ላይ የቀረው ሽቶ

ብዙወርቅ የተገኘችው የሽቶ ሱቋ ጓዳ ውስጥ፣ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች ነው። ሱቁ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። ሊቶሪና የሚሉት ባቡር ጠዋት ሠራተኛ ጭኖ ለገሃር ሄዶ ከሰዓት በሚመለስበት በዚያ ዘመን፣ ከሳሪስ አቦ ወዲህ ያለች ሴት ሁሉ ሽቶ የምትገዛው ከእሷ ነበር።

መቶ አለቃ ሳህሌ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የጓዳውን በር ከፍቶ ሲገባ፣ ከሬሳው በፊት ሽታው ተቀበለው። የብርቱካን አበባ ነው፣ ጃስሚን አለበት፣ ከስር ደግሞ ጣፈጥ የሚል ነገር። አንዲት ሴት ለሰርግ ተኳኩላ አሁን፣ አሁኑኑ፣ በጀርባው ያለፈች ነው የሚመስለው። ዞር አለ። ማንም የለም።

«ሁሉም ሰው እንደዛ ይዞራል ጌታዬ» አለ በሩ ላይ የቆመው አስር አለቃ መገርሳ። «እኔማ ሦስቴ ዞሬያለሁ። ጎረቤቶቹ ሴትዮዋ ገና አልሄደችም ነው የሚሉት።»

ሳህሌ ጎንበስ ብሎ አያት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ጥርሷ መሀል አንዲት የጥጥ ክር ተሰክታለች። ሁለቱ እጆቿ ጭኗ ላይ መዳፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጠዋል፣ የሆነ ሰው መጥቶ እስኪያሸትላት የምትጠብቅ ይመስል።

«በትራስ ታፍና ነው አለ የጤና ጣቢያው ድሬሰር» አለ መገርሳ። «ደርቃለች። መቼ ሞተች ስለው ግን 'እኔ ቁስል ነው የማጥበው፣ እሱን ሐኪም ጠይቅ' አለኝ። ምን ያስጨንቀናል ጌታዬ፣ ገዳይዋ ተይዛለች።»

«ማን ናት?»

«ዳሲቱ፣ የሱቋ ሠራተኛ። ባልየው አቶ ቀናው በአንድ ሰዓቱ ሊቶሪና ለገሃር ሥራው ሄደ። ሲወጣ ሚስቱ አዲሱን ሽቶ እየተቀባች ነበር፣ በጣቢያው ስልክ ነግሮናል። ልጅቷ በሦስት ሰዓት መጣች። እስከ ስድስት ሰዓት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በስድስት ሰዓት 'ሞቱ!' ብላ ጮኸች። ሌላ ሰው ቢገባ ጣቢያው ሙሉ ያይ ነበር። በአስራ ሁለት ሰዓቱ ባቡር አስረን ወደ ከርቸሌ እንልካታለን።»

ሳህሌ ሰዓቱን አየ። አምስት ሰዓት አለው ማለት ነው። አምስት ሰዓት፣ አንድ ሬሳ፣ አንድ አልሄድም ያለ ሽታ።

ዳሲቱን የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ በገመድ አስረዋታል። ከወንዙ ማዶ ካለው የገበሬ መንደር ነው የመጣችው፣ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አጠገቧ የብዙወርቅ ታናሽ እህት አሰለፈች ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች፣ ማልቀሱ ሲደክማት ደግሞ ትሳደባለች።

«አንቺ እባብ! እህቴን! ያበላችሽን እጅ!»

ሳህሌ ልጅቷን ከወንበሩ ፈትቶ፣ እጇ እንደታሰረ ወደ ሱቁ ይዟት ገባ።

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊት ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ጓዳ አልገባሽም። ለምን?»

«አዲስ ብልቃጥ በሚከፍቱበት ቀን አይገባም ጋሼ። እትዬ አፍንጫቸውን ከሰው ሽታ ያሳርፋሉ። ትላንት ማታ ቲኬት ተቆጣጣሪው ጋሽ ሮሪሳ አንድ ብልቃጥ ናሙና ከባቡር አውርደው ሰጥተዋቸዋል፣ መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጡት አይቻለሁ። ማታ አይከፍቱም፣ ወጥ ወጥ የሸተተ አፍንጫ አይፈርድም ይላሉ። ጠዋት ሊቶሪናው ሲነሳ ግራ የእጅ አንጓቸው ላይ አንድ ጠብታ ያደርጋሉ። ቀኙን ንፁህ ይተዉታል፣ እያመሳከሩ እንዲያሸቱ። ከዛ ሊቶሪናው በዘጠኝ ሰዓት እስኪመለስ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይሉም።»

«ያን ያህል ምን ያስጠብቃል?»

«ሽቶውኮ ይለወጣል! መጀመሪያ አበባው ይጮሃል። ከዛ ዝም ይላል። ከሰዓት በኋላ ከገላ ጋር ሲዋሃድ ነው ጠባዩ የሚወጣው። አንዱ ማር ይሆናል፣ አንዱ ሳሙና ሆኖ ይቀራል። ደግሞ በየሰዉ ገላ ይለያያል። እትዬ የሰፈሩን ሴት በሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁ ነበር።»

ስታወራ ገመዱን የረሳችው ትመስላለች። ሳህሌ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትላንት ቤቱ ውስጥ ምን ነገር ነበር?»

ልጅቷ ወደ በሩ አየች። «እኔ ልወጣ ስል ነው። እትዬ የጋሽ ቀናውን ኮት ሊሰቅሉ አነሱና ኮሌታውን አሸተቱት። ቁጭ አሉ። 'ይሄ የኔ ጃስሚን ነው፣ የዋለበትንም ገላ አውቀዋለሁ' አሉ። የማን ነው ስላቸው 'ነገ አሰለፈችን ጥሪልኝ' አሉኝ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ አሁን ልጥራቸው ወይ ብዬ ልጠይቅ ብገባ ሞተው አገኘኋቸው።»

ሳህሌ ይህን ሰምቶ ጓዳውን ከፈተላት። «ነይ። አሽትቺያትና ንገሪኝ።»

ዳሲቱ ሄዳ ተንበረከከች። ግራውን አሸተተች። ቀኙን አሸተተች። ከዚያ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼ… ሁለቱም እጃቸው ላይ አለ። ደግሞ ገና ጠዋት ላይ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«አበባው እየጮኸ ነው። አልተለወጠም። አሁን የተቀቡት ነው የሚመስለው።»

«አሃ!» አለ መገርሳ ከኋላ። «አሁን ከሆነ የተቀባችው፣ አንቺ ነሻ የቀባሻት! ራሷን በራሷ አስያዘች እኮ ጌታዬ!»

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሳህሌ ግን መደርደሪያውን እያየ ነበር። «ብልቃጡ የታለ?»

ፈለጉ። ሱቁን ገለበጡት፣ አልጋውን አነሱት፣ የልጅቷን ነጠላ አራገፉት። አዲሱ ብልቃጥ የለም።

በዘጠኝ ሰዓት ሊቶሪናው ገባ። ቀናው ገና ከደረጃው ሳይወርድ ሁለት ሰዎች ደግፈውት ያለቅስ ነበር። ሳህሌ ግን መጀመሪያ የያዘው ቲኬት ተቆጣጣሪውን ሮሪሳን ነው።

«ትላንት ለብዙወርቅ ያመጣኸው ሽቶ የት ገባ?»

«ይኸውልህ» ብሎ ሮሪሳ ከደረት ኪሱ አወጣው። «ጠዋት ስንነሳ ቀናው መለሰልኝ። 'ተቀብታዋለች፣ ወዳዋለች፣ ነጋዴው ይላክልኝ ብላለች' አለኝ። እሱም ራሱ ኮቱ ላይ ደፍቶት ነው መሰለኝ፣ ፉርጎው በሙሉ ሸቶ ነበር።»

«ሌላ እንደዚህ ያለ ብልቃጥ አለ?»

«ከጅቡቲ የመጣው ይሄ አንድ ብቻ ነው። ጠዋት ኪሴ ከገባ አልወጣም።»

ሳህሌ ክዳኑን ከፍቶ ግራ አንጓው ላይ አንድ ጠብታ አደረገ።

«መቶ አለቃ! ሙሽራ አገኘህ እንዴ?» አለ ሮሪሳ። ሳህሌ ፈገግ አላለም።

ቀናውን ጣቢያው ጥግ አስቀምጦ አነጋገረው። ሰውየው በየመሀሉ ሱረቱን ወደ አፍንጫው ይስባል፣ እንባውን ይጠርጋል።

«ዓይኔ እያየ ነው የተቀባችው። ሁለት እጇን፣ ጆሮዋ ስር። 'ቀናው፣ እስቲ አሽትተኝ' አለችኝ።»

«አሸተቱ?»

«እኔ በዚህ ሱረት አፍንጫዬ ከሞተ ቆይቷል። የሷ ብልቃጥ ሁሉ ለኔ አንድ ነው።»

«ነፍስ ይማር» አለና ሳህሌ ተነሳ።

ከዚያ ወደ ጓዳው ተመለሰና በሩን ከውስጥ ዘጋ። ብልቃጡን ይዞ ሬሳዋ ፊት ቆመ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እሜቴ» አለና የቀሚሷን እጅጌ ሰብስቦ፣ ምንም ያልነካው ክርኗ ውስጥ አንድ ጠብታ ጣል አደረገ። ቆዳዋ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ፊት ለፊቷ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያ ቆየ። ምን ያህል ከባድ እንደነበረ በኋላም ለማንም አልተናገረም። መጀመሪያ የሱ እጅና የሷ እጅ አንድ ዓይነት ይሸቱ ነበር። ቆይቶ የሱ ዝም አለ። ከዚያ ከሱ እጅ ቀስ ብሎ ሌላ ነገር ይወጣ ጀመር፤ ሞቅ ያለ፣ ማር የመሰለ፣ የሰው አንገት የሚሸት ነገር። በሕይወት ብትኖር ኖሮ በዚህ ሰዓት መሽተት የነበረባት እንደዛ ነው። ሴትዮዋ ከራሷ ገላ ወጥታ የሱ እጅ ላይ የምትነቃ መሰለው። ጸጉሩ ቆመ። አንዴ ስሟን ሊጠራት ሁሉ ቃጣው። ወንበሩ ላይ ያለችው ግን እዚያው ጠዋት ላይ ናት፣ አበባዋ እንደጮኸ።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉንም ወደ ሱቁ ጠራ። ቀናው፣ አሰለፈች፣ ሮሪሳ፣ መገርሳ፣ በገመዷ ዳሲቱ። በሩ በሰፈሩ ሴቶች ተሞልቷል።

«አስር አለቃ» አለ ሳህሌ፣ «እጄን አሽትት።»

መገርሳ ግራ ገብቶት አሸተተ። «ማር… ማር ነው መሰለኝ ጌታዬ።»

«አሁን ገብተህ የሬሳዋን ቀኝ ክርን አሽትት።»

ገባ፣ ወጣ። ዓይኑ ፈጧል። «አበባ ነው። ልክ ሲከፈት እንዳለው።»

«ሁለቱንም ከአንድ ብልቃጥ፣ በተቀራራቢ ጊዜ የቀባሁት እኔ ነኝ። የኔ ገላ ሞቃት ነው፣ ሽቶው ተለወጠ። የሷ ቀዝቃዛ ነው፣ ባለበት ቀረ። በሰባት ሰዓት ስመጣ አንጓዎቿ ላይ የነበረው ገና አልተለወጠም ነበር። ታዲያ መቼ ተቀባ?»

«አሁን ልትሞት ስትል…» አለ ቀናው።

«በምን? ብልቃጡ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ሮሪሳ ኪስ ውስጥ ነው። ዳሲቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስትመጣ ሽቶው ለገሃር ደርሷል። ስለዚህ የተቀባው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ሕያው ገላ ላይ ቢቀባ ደግሞ ስደርስ እንደኔ እጅ ማር ይሆን ነበር። አልሆነም። ሲቀባ ገላዋ ቀዝቅዞ ነበር ማለት ነው። ያኔ ዳሲቱ ማዶ እናቷ ቤት ናት። እዚህ ቤት የነበረ ሰው አንድ ነው።»

ቀናው የሱረት ቆርቆሮውን ከፈተ፣ ዘጋ።

«ጠዋት በሕይወት እንደነበረች እንዲመስል ነው የቀቧት። አዲስ ብልቃጥ ጠዋት እንደምትከፍት ያውቃሉ። ግን ከዛ ወዲያ ያለውን አያውቁም አቶ ቀናው። ግራዋን ብቻ እንደምትቀባ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት 'ወደድኩት' ብላ እንደማታውቅ። ሮሪሳ፣ በጠዋት መልስ ሰጥታህ ታውቃለች?»

«አስራ አንድ ዓመት!» አለ ሮሪሳ። «አንድ ቀን እንኳን። እኔ ደደብ፣ ገርሞኝ ነበር እኮ።»

«እዚህ በር ላይ የቆመች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ባሏ ብቻ አያውቅም።»

ከሴቶቹ መሀል አንዷ «እውነት ነው» አለች፣ ለራሷ ይመስል።

«ምን አድርጋኝ ነው የምገድላት?» ብሎ ቀናው ጮኸ።

«ኮሌታዎን አሸተተች። የማን ገላ ላይ የዋለ ጃስሚን እንደሆነ አወቀች። ለጠዋት አሰለፈችን ጥሪልኝ አለች። እርስዎ ግን ጠዋቱን አልጠበቁም።»

ሁሉም ወደ አሰለፈች ዞረ። ስታለቅስና ስትሳደብ የዋለችው ሴትዮ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች።

«አልገደልኳትም» አለች ከውስጥ ሆና። «እኔ አልገደልኳትም። ዛሬ እዚህ እስክደርስ አላወቅኩም። ሰፈሩ ልጅቷ ናት ሲል… እሷ እንድትሆን ፈለግኩ። እሱ እንዳይሆን።»

«ዝም በይ!» አለ ቀናው። ከዚያ እሷን አይቶ፣ ሮሪሳን አይቶ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቁልቁል ሸርተት አለ። «አፏን ይዤ ዝም ላሰኛት ነበር የፈለግኩት» አለ። «እህቷን ጠርታ እንዳታፋጥጥ። ለሰፈሩ እንዳትነግር። ትራሱን ሳነሳው ዝም ብላለች።»

የአስራ ሁለት ሰዓቱ ባቡር ከደብረ ዘይት በኩል ጮኸ። መገርሳ ገመዱን ከዳሲቱ እጅ ሲፈታ ቋጠሮው እምቢ አለው፣ «አይዞሽ» ሊል ፈልጎ አፈረ። ገመዱን ቀናው ላይ አሰረና ይዞት ወጣ።

ልጅቷ አንጓዎቿን እያሸች ቆመች። ሳህሌ ወደ ቤቷ የሚያደርሳት ሰው ሊመድብላት ነበር።

«ማን ነው የሚገንዛቸው?» አለች።

አሰለፈች ከተቀመጠችበት ልትነሳ ሞከረችና መልሳ ተቀመጠች።

«ውሃ አሙቁልኝ» አለች ዳሲቱ በሩ ላይ ለቆሙት ሴቶች፣ ከአሰለፈች ጋር «እባብ» ሲሏት ለዋሉት። ጓዳ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከውስጥ በኦሮምኛ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅሱት ዓይነት፣ ስታወራ ትሰማለች።

ውሃው መጣ። ሴቶቹ እንስራውን መሀል አድርገው ተያዩ። አንደኛዋ ጫማዋን አውልቃ፣ ሳታንኳኳ ገባች። ሌሎቹ አፍረው ውሃውን እንደያዙ እዚያው ቆሙ።