የጥሩወርቅ ሰፈር ውኃ

«እናቴ፣ ልጅዎ ጎህ ሲቀድ የት ነበረች?»

አለችኝ ኢንስፔክተር ቃልኪዳን። ልጄ እመቤት ባሏ ታምራት ሌሊት ተረኛ ሲሆን እኔ ዘንድ ታድራለች፤ ስነሳ ግን መኝታዋ ባዶ ነበር። «ከእኔ ጋር ነበረች» ልል ፈለግሁ፤ ግን «አላውቅም» አልኩ።

ታምራት ከደብረ ታቦር በላይ ባለው ኮረብታ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው ሥር ራሱን በብረት መፍቻ ተመትቶ ሞቷል። ሥራው ከማጠራቀሚያው ቁልቁል የሚወርደውን ውኃ ለየሰፈሩ በፈረቃ መክፈት ነበር። ያን ጠዋት ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ለምትኖርበት ሰፈር ከፍቷል፤ ገዳዩ መልሶ ዘግቶታል። የመዝጊያው መዘውር ደም ነክቶት ነበር።

ሰው ሁሉ ልጄን ጠረጠረ። ከግድያው በፊት በነበረው ቀን ገበያ መካከል ጥሩወርቅን፣ «ባሌ የሚከፍተው ላንቺ ብቻ ነው? በይ እንግዲህ ታጠቢበት!» ብላታለችና።

ቃልኪዳን ሁላችንንም ኮረብታው ላይ ሰበሰበችን፦ አስከሬኑን ያገኘውን ጥበቃ ይሻውን፣ ጥሩወርቅን፣ የጥሩወርቅን ባል አስናቀን፣ እመቤትንና እኔን። አስናቀ የታምራት ተለዋጭ ተረኛ ነው።

«የት ነበርሽ?» አለቻት ልጄን።

እመቤት አንገቷን ደፋች። «ከጥሩወርቅ አጥር ሥር። ባሌን እዚያ ልይዘው።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች ጥሩወርቅ።

«ምን አየሽ?»

«እሷን ብቻ። ብቻዋን ውኃ ትቀዳለች። ኋላ ውኃው ቀጠነ፣ ቀጠነና ቆመ።»

«እንዲያ ነው የሆነው» አለች ጥሩወርቅ እያረጋገጠችላት። «ባንዴ አልቆመም።»

ቃልኪዳን መስመሩን አስከፍታ ነበር። «ጋሼ ይሻው፣ እስቲ ይዝጉት» አለች። ይሻው መዘውሩን በሁለት እጁ ባንዴ ሲያሽከረክረው ቧንቧው ተንቀጠቀጠ።

«ቀስ!» ብሎ ጮኸ አስናቀ። «ይፈነዳል!»

«ልክ ነህ» አለች ቃልኪዳን። «ቁልቁል የሚወርድ ውኃ ባንዴ ሲዘጉት ተመልሶ ቧንቧውን ይመታል። ገዳዩ እጁ ደም ነክቶት እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። እጁ ለምዷል። ጋሼ ይሻው አያውቁበትም፤ እመቤት ውኃው ሲቀጥን ታች ሆና አይታለች። የሚያውቁበት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሞቷል።»

«እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር!» አለ አስናቀ።

ቃልኪዳን ወደ ጥሩወርቅ ዞረች።

«ውኃ ስቀዳ ቤት አልነበረም» አለች ጥሩወርቅ በቀስታ።

«የገዛ ቤቴን ውኃ ለምን እዘጋለሁ?» አለ አስናቀ።

«የገበያውን ወሬ ሰምተሃል፤ የከፈተው ታምራት ስለሆነ ነው» አለች ቃልኪዳን።

አስናቀ ሚስቱን ትክ ብሎ አያት። «እሱ የከፈተው ውኃ ቤቴ ይግባ?»

«ፈረቃችን ነበርኮ፣ አስናቀ» አለች። «ፈረቃችን ብቻ።»

አስናቀን ፖሊሶች ወሰዱት። ጥሩወርቅ ልጆቿን ይዛ ገሳይ የሚኖሩ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። እመቤት እኔ ዘንድ ቀረች።