የመንጋጋዋ ስፋት

«ንከሺ። አሁን ልቀቂ።»

የጥርስ ሐኪሟ ጣቶቿን ከልጅቷ ጆሮ በታች ጫን አድርጋ ይዛለች። ልጅቷ ጥርሷን በነከሰች ቁጥር በሁለቱም በኩል እንቁላል የሚያህል ጠጣር ነገር ጉብ ይላል። ሐኪሟ በብረት መለኪያ መጀመሪያ የጉንጯን፣ ቀጥላ የመንጋጋዋን ስፋት ለካች።

«እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም» አለቻት እናቷን። «ፊቷ ካሬ የመሰለው ለዚህ ነው። በራጁ ላይ አጥንቷ ደህና ነው፤ የወፈረው የማኘኪያ ጡንቻዋ ነው። የኔ ልጅ፣ ጠንካራ ነገር ታዘወትሪያለሽ?»

ልጅቷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«ማስቲካ» አለች እናቷ። «ያውም ሁለት ሁለት። አፏ ሲያርፍ ያየሁት ስትተኛ ብቻ ነው።»

«ፊት ያቀጥናል ብለውኝ ነው።»

«ክብደት የሚያነሳ ሰው ክንዱ ይቀጥናል? ማነው እንዲህ ያለሽ?»

ማን ይሆናል፤ የክፍሏ ተማሪ ሁሉ ነዋ። አንዱ ስልክ ላይ ያየውን ያወራል፣ ሌላው «አሪፍ ነው» ይላል፣ እውነት ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም። እሷም አልጠየቀችም። ዓመት ሙሉ መንጋጋዋ እስኪዝል ያኘከችው ግን ክፍሉን ብላ አልነበረም።

ታላቅ እህቷ ልትማር ሌላ ከተማ ከሄደች ዓመት ሆናት። ፊቷ ቀጭን፣ አገጯ ሾጠጥ ያለ ነው። ሁለቱን አብረው ያየ ሁሉ «እህትማማቾች ናችሁ? አትመሳሰሉም» ይላል። ልጅቷ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ እህቷ ስትመለስ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ «ቁርጥ እህቷን» እንዲል። ፊቷ ሲሰፋ ጊዜ ግን እህቷ በደወለች ቁጥር «ኔትወርክ የለም» እያለች ካሜራውን መዝጋት ጀመረች። አምስት ወር አለፈ።

«ማስቲካውን ካቆምሽ ጡንቻው በጥቂት ወራት እየቀነሰ ይሄዳል» አለች ሐኪሟ።

«ሲቀንስ እህቴን እመስላለሁ?»

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። ሐኪሟ ግድግዳው ላይ የበራውን ራጅ ትንሽ አጠናችው።

«አይመስለኝም። ያንቺ አጥንት ከመጀመሪያውም ሰፋ ያለ ነው።»

እናቷ ቀጠሮ ልታስይዝ ስትሄድ ልጅቷ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ስልኳ ጠራ። እህቷ ነበረች።

«እሺ አንቺ መናኝ፣ ዛሬስ ኔትወርኩ ምን ሆነ?» አለች እየሳቀች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «እውነቴን ነው፣ መልክሽ ሊጠፋኝ ነው። ናፍቀሽኛል።»

ልጅቷ ፀጉሯን ከጉንጯ ላይ ወደ ኋላ ሰበሰበች፤ ስልኩን እስከ አገጯ ድረስ እንዲያሳይ ራቅ አድርጋ ያዘችና ካሜራውን ከፈተች።