«ጠፍቷል» ያለው ምድጃ

ገነቴ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ስልኳ ሲጮህ፣ ፈጥና አነሳችው።

«ከፖሊስ ነው። ልጅዎ ደህና ናት፤ ግን ይምጡ።»

ከዚያ ሁሉ ጆሮዋ ላይ የቀረው «ግን» ብቻ ነበር።

በልጇ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ የመምህር ዘርአብሩክ አስከሬን በአንሶላ ተሸፍኗል። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሠራው የኤሌክትሪክ ምድጃ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሲበራ «በርቷል»፣ ሲጠፋ «ጠፍቷል» ይላል። ድምፁ የዓይነ ስውሯ ልጇ የሰሎሜ ነው። ዛሬ ግን በርቶ ሳለ «ጠፍቷል» አለ። መምህሩም አምኖ ሽቦውን ሲነካ ኤሌክትሪክ ያዘው።

«ድምፁም የሷ፣ ምድጃውን የምትነካካውም እሷ፤» አለ የፊዚክስ መምህሩ ታዴዎስ።

ገነቴ ልጇን ከኋላዋ ደበቀች። የወህኒው የብረት በር ከወዲሁ ታያት። «በሷ ፈንታ እኔን ውሰዱኝ፤» አለች።

«እትዬ፣ ገና ማንንም አልወሰድኩም፤» አለች ኢንስፔክተር ብርቅዬ። ምድጃውን አገላበጠችው። የሁለቱ ድምፆች ገመዶች ተቀያይረዋል፤ ምድጃው ሲበራ የምትበራው ቀይ አምፖል ላይም ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል።

«ሰሎሜ፣ ይቺ መብራት ለምንድን ናት?»

«የቷ መብራት?»

«ትያትር፤» አለ ታዴዎስ።

ብርቅዬ የቤተ ሙከራውን ሠራተኛ ሚካኤልን ወደ ኮሪደሩ ወሰደችው። ገነቴ በር ላይ ቆማ ሰማች።

«ሲሞክር ዓይኑን በሻርፕ የማስርለት እኔ ነኝ፤» አለ ሚካኤል። «እንደ ሰሎሜ ካልሆንኩ ምኑን ሞከርኩት ይል ነበር። ዛሬም አስሬለት ውሃ ላመጣ ወጣሁ።»

«ጠላት ነበረው?»

«ምድጃውን መምህር ታዴዎስ በራሱ ስም ለውድድር ልኮታል። መምህር ዘርአብሩክ ደግሞ ሰኞ አዲስ አበባ ሄዶ ሊያጋልጠው ነበር።»

ታዴዎስ ተራው ሲደርስ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሲሞክር? አንድ ቀንም ቆሜ አላየሁም። የልጆች መጫወቻ ነው።»

ብርቅዬ ሁሉንም አስከሬኑ ዘንድ ሰበሰበች።

«ገመዱን የቀያየረው ሰው መብራቷንም ሸፍኗል፤ ሟቹ አይቶ እንዳይነቃ ፈርቶ። ሰሎሜ መብራት መኖሩንም አታውቅም። ሚካኤል ደግሞ የሟቹን ዓይን በገዛ እጁ ያስራል፤ ለታሰረ ዓይን መብራት መሸፈን ምን ያደርግለታል? ፕላስተሩን የለጠፈው፣ መምህሩ እያየ የሚሞክር የመሰለው ሰው ነው።» አንሶላውን ከፊቱ ገለጠችው። ሻርፑ እንደታሰረ ነው።

ታዴዎስ ፈዞ አየው። «ዓይኑን... ታስሮ ነበር የሚሞክረው?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ገነቴ ልጇን እቅፍ አደረገቻት። አለቀ ልትላት ስትል ሰሎሜ ቀደመቻት።

«እማዬ፣ መምህር መጨረሻ የሰሙት የኔን ድምፅ ነው፣ አይደል?»

ገነቴ እስሩንም ሞቱንም ስትፈራ ነው የዋለችው። ይህን ጥያቄ ግን አልፈራችውም ነበር።