ባሕር አይከሰስም

ኖምቩላ ወደ መናገሪያው ወጥታ ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ ሙርሺዳ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መጻፍ አያስፈልጋትም። የምትጠይቀውን ጥያቄ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ በቃሏ ይዛዋለች።

አዳራሹ ብራምፎንቴይን ውስጥ ካሉት የዩኒቨርሲቲ አዳራሾች አንዱ ነው። የጆሃንስበርግና የአካባቢዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምስለ ችሎት ፍጻሜ እየተካሄደ ነበር። ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ቆመው ይከራከራሉ፤ እውነተኛ የሕግ ሰዎች ደግሞ በዳኝነት ይቀመጣሉ። የዘንድሮው ጉዳይ ለውድድሩ የተፈጠረ የአንድ የቱቫሉ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ቱቫሉ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ያለች፣ ከባሕሩ እምብዛም ከፍ የማትል የደሴቶች አገር ናት። ዓለም እየሞቀ ባሕሩ ሲጨምር፣ ጨዋማው ውሃ የቤተሰቡን ጉድጓድና ማሳ አበላሸባቸው። ባሕር ተሻግረው ሌላ አገር ጥገኝነት ጠየቁ፤ አገሩ ግን አልቀበልም አላቸው። ኖምቩላ የምትከራከረው ለቤተሰቡ ነው። ሙርሺዳ ደግሞ ለመንግሥቱ።

ጎኑን የመረጠችው ራሷ ሙርሺዳ ናት። መምህሯ ሚስ ናይዱ የቤተሰቡን ወገን እንድትይዝ ለምናት ነበር። የራሷን ቤተሰብ ታሪክ ብትናገር ዳኞቹን እንደምታስለቅስ ነገረቻት። ሙርሺዳ ግን ማንንም ማስለቀስ እንደማትፈልግ ተናግራ ሌላውን ወገን ያዘች።

ታሪኩ የሆነው ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ባለው የቮስሎሩስ ሰፈር ነው። አባቷ ተማም እዚያ ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቅ ማለት ነው፣ ነበረው። ሱቁ የቆመው በኖምቩላ አያት ግቢ ውስጥ ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ አሮጊቷን ጎጎ እያለ ነው የሚጠራቸው። ሁለቱ ልጆች የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠው የቤት ሥራ እየሠሩ ነው ያደጉት። ኖምቩላ «በስምአብ» ማለት ሳይቀር ከሱቁ ሐበሻ ደንበኞች ለምዳ ነበር፤ ሙርሺዳም ዙሉኛን ከእሷ ተማረች።

ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ሰልፈኞች እየዘፈኑ መጡ። የውጭ ሰዎች ይውጡልን የሚል ሰልፍ ነበር። ተማም የፊቱን በር ዘግቶ ሚስቱን ባህሪያንና ልጁን ከኋላ ባለው የዕቃ ክፍል ደበቃቸው። የኋላው በር ብረት ስለነበር በቀላሉ አይሰበርም። ሙርሺዳ በመስኮቱ ስንጥቅ ስታይ ኖምቩላ ቁልፍ ይዛ መጣች። ቁልፉ ከአያቷ ዘንድ የሚቀመጠው ነው። ከፈተችና ወደ ጎን ቆመች። ሰዎቹ ገቡ። ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ማቀዝቀዣው ሳይቀር ወጣ። ነፍሳቸውን ያተረፉት ሰዎቹ ዕቃ ሲሻሙ ሾልከው በጎረቤት ግቢ አልፈው ነው።

አሁን የሚኖሩት ሜይፌር በሚባል የጆሃንስበርግ ሰፈር በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ተማም ጄፒ በሚባለው የሐበሻ ነጋዴዎች መንደር ባለው የዘመዱ ብርድ ልብስ መሸጫ ተቀጥሮ ይሠራል። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። ኖምቩላ መልእክት መላክ ጀምራ ነበር፤ ሙርሺዳ የመጀመሪያውን እንኳ ሳታነብ ብሎክ አደረገቻት። የፍጻሜው ተጋጣሚ የድሮው ትምህርት ቤቷ እንደሆነ፣ ተናጋሪዋም ኖምቩላ እንደሆነች የሰማች ዕለት እንደዚያ የተደሰተችበትን ጊዜ አታስታውስም። በውድድሩ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ቡድን በመጨረሻ ለተቃራኒው ተናጋሪ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄው ሕዝብ ፊት ነው። ጎጎም ይመጣሉ።

ኖምቩላ ጥሩ ተናገረች። ጥሩ መናገሯ ሙርሺዳን አላስገረማትም። በፓስፊክ ያሉ የሕግ ተማሪዎች ክፍላቸው ውስጥ የጀመሩት ጥያቄ እስከ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት መድረሱን፣ ፍርድ ቤቱም አገሮች የአየር ንብረትን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው መናገሩን ጠቀሰች። ባሕሩን ያሞቁት ሰዎች ናቸው፤ ሰው ላደረገው ደግሞ ሰው ይጠየቅበታል አለች። ከዚያ ወረቀቷን ወደ ጎን ገፋችው።

«በመንገዳችን አንድ ቤተሰብ ነበር» አለች። «ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሲባረሩ አይቻለሁ። እናትየው ለመሸሽ እየተጣደፉ እንኳ እርጥብ ልብስ ከገመድ ላይ ይለቅሙ ነበር። የልጃቸው የትምህርት ቤት ሸሚዝ ስለነበረ ነው። ሰው አገሩን የሚያጣው እንደዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሕሩ አባረራቸው ወይስ ሰው የሚለው ጥያቄ ለእኔ ብዙ ልዩነት የለውም።»

ከዳኞቹ አንዷ መነጽራቸውን አወለቁ። የሙርሺዳ ጆሮ ጋለ። ሸሚዙ የእሷ ነው። ሱቃቸውን አስዘረፈች፤ አሁን ደግሞ የቀረላቸውን ብቸኛ ነገር፣ የደረሰባቸውን ታሪክ፣ ወስዳ ነጥብ ልታገኝበት ነው።

ተራዋ ሲደርስ ወደ መናገሪያው ወጣች። እንደ ፈረንጆቹ በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም በማኅበራዊ ቡድኑ ምክንያት የሚሳደድን ሰው መሆኑን አንድ በአንድ አስረዳች። ስለ ባሕር የሚል ቃል የለበትም።

«አባቴ አንድ ተረት ይተርታል» አለች። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ባሕርም አይከሰስም። ባሕር ማንንም አይጠላም፤ ማንንም መርጦ አያሳድድም። አመልካቾቹ ያሳዝናሉ። ማሳዘን ግን ሕግ አይደለም። ይህ ችሎት በእንባ ከፈረደ፣ ነገ በቁጣም ይፈርዳል።»

ስትቀመጥ አጋሯ ሮሃ ጠጋ ብላ «አቃጠልሻት» አለቻት በአማርኛ። ሙርሺዳ ግን ገና አልጨረሰችም።

ዳኛዋ ጥያቄ እንዳላት ጠየቋት። ተነሳች። ከኋላ ጥቁር ኮታቸውን የለበሱትን ጎጎን አየች። አባቷም ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ መጥቷል፤ ከበሩ አጠገብ ነው የተቀመጠው።

«ያ ጎረቤታችን ያልሽው ቤተሰብ በተባረረበት ቀን፣ የኋላውን በር ለሰዎቹ የከፈተላቸው ማነው?»

ዳኛዋ ጥያቄው ከጉዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠየቁ፤ ከዚያም ኖምቩላን መመለስ እንደማትገደድ ነገሯት። ኖምቩላ መናገሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሙርሺዳ ደስ አላት። መዋሸት አይቻልም፤ ደስ አላት። ጥሙን እንደቆረጠ ሰው ትከሻዋ ወረደ። ጎጎ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ የኖምቩላ ጓደኞች እርስ በርስ ተያዩ። ኖምቩላ የመጨረሻ ንግግሯን ማድረግ አቅቷት አጋሯ ከወረቀት እያነበበ ጨረሰላት። ዳኞቹ ተመካክረው ተመለሱ። ሕጉ የመንግሥቱን ወገን ይደግፋል አሉ። አመልካቾቹ ወደ አገራቸው ይመለሱ። ሮሃ ጠረጴዛውን ደበደበች፤ ሚስ ናይዱ ሁለቱንም አቀፈቻቸው።

ሙርሺዳ እጇን ልትታጠብ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ኖምቩላ ቧንቧው ጋ ቆማ አገኘቻት። ዓይኗ ቀልቷል። ሙርሺዳ መውጣት ትችል ነበር፤ አልወጣችም። ማየት ፈልጋለች።

ኖምቩላ ሰዎቹ በሩን ካልከፈትሽ ቤቱን ከነጎጎ እናቃጥላለን እንዳሏት ነገረቻት። ውስጥ መኖራችሁንም አላወቅኩም፣ የሸሻችሁ መስሎኝ ነበር አለች።

«እንደሚመጡስ?» አለች ሙርሺዳ። «የዚያን ቀን ጠዋት አብረን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ እንደሚመጡ ታውቂ ነበር?»

ኖምቩላ ውሃውን ዘጋችው። ቀና ብላ አላየቻትም። ሙርሺዳ መልሱን አገኘች።

«እሺ። የእናቴን ነገር እዚያ ላይ ለምን አወጣሽው? የአንቺ አይደለም።»

«የእኔ እንዳልሆነማ አውቃለሁ» አለች ኖምቩላ። «ግን ማንም አይናገረውም። ሰፈሩ ውስጥ ያ ሱቅ ጭራሽ እንዳልነበረ ነው የሚወራው። አንቺ ዛሬ ተነስተሽ የምትናገሪው መስሎኝ ነበር። አንቺ ደግሞ ለሚያባርሩት ቆምሽ።»

ሙርሺዳ ይቅርታ አላደረገችላትም፤ ወደፊትም የምታደርግላት አልመሰላትም። እጇን ታጥባ በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች።

ውጭ ደረጃው ላይ አባቷና ጎጎ ቆመዋል። ተማም በዙሉኛ ሰላምታ ሰጥቷቸው ነበር፤ አሮጊቷ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው መልቀቅ አቅቷቸዋል። እሱም እስኪለቁት ድረስ ጠበቀ። ሙርሺዳ ይህን ስታይ ተናደደች። ወደ ታክሲው እስኪደርሱ አላናገረችውም።

ታክሲው ሞልቶ ሲንቀሳቀስ ተማም ቀድሞ ተናገረ። የክርክሩን እንግሊዝኛ ግማሹን ብቻ ነበር የተከታተለው።

«እነዚያ የደሴቱ ሰዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ? ተመለሱ ወይስ ቀሩ?»

«ይመለሱ ተባለ።»

«ወደ ውሃው?»

«አዎ።»

«ማን ነው ያስፈረደባቸው?»

«እኔ።»

ተማም ራሱን ነቀነቀ። ነቀፋ አልነበረበትም። «ልጆች አሏቸው?» ብሎ ጠየቀ ቆይቶ፤ የተፈጠሩ ሰዎች እንደሆኑ ረስቶት ይሁን ወይ ሳይገባው ሙርሺዳ አላወቀችም። ልጆች እንዳሏቸው ነገረችው። ሴት ልጅ አለቻቸው፤ የጉዳዩ ወረቀት ላይ ዕድሜዋ ከእሷ ጋር እኩል ነው። እስከዛሬ ስለዚያች ልጅ አንድም ጊዜ አላሰበችም ነበር። እያንዳንዷን የሕጉን አንቀጽ ስታጠና የምታየው የኖምቩላን ፊት ነበር።

ቁጣዋ አልበረደም። እዚያው ነበር፤ ኖምቩላ ላይ ካረፈ በኋላም ብዙ ተርፎታል።

ስልኳን አወጣች። አሸናፊው ቡድን በዚሁ ጉዳይ ለሚካሄደው የፕሪቶሪያ ብሔራዊ ውድድር ወገኑን ራሱ ይመርጣል። ሮሃ የለመድነውን መተው እብደት ነው እንደምትላት ታውቃለች። ለሚስ ናይዱ ጻፈች፤ በፕሪቶሪያ የቤተሰቡን ወገን ልያዝ፣ ምክንያቱን ነገ እነግርሻለሁ የሚል ነበር። ላከችውና ስልኩን ጉልበቷ ላይ ገለበጠችው።

«አባ» አለች።

«አቤት።»

«የዚያን ቀን አንተ በፊተኛው በር በኩል ነበርክ። እኔ የኋላውን ብቻ ነው ያየሁት። አንተ ምን አየህ?»

ተማም ወደ መስኮቱ ዞረ። መኪናው መብራት ይዞት ቆመ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እንደገና ተነሱ። ተማም ጉሮሮውን ጠረገና ቀስ ብሎ፣ ጠዋት ዳቦ ከሸጠለት፣ ከሰዓት በኋላ በሰልፉ ፊት ሆኖ ሲዘፍን ካየው ሰው ጀመረላት።