ክፍት የተተወው ስክሪፕት

ዊዳድ ከምሳ ስትመለስ ኮምፒውተሯ ያለ እሷ ሲሠራ አገኘችው። የጥራት ምስክር ወረቀቱ ተከፍቶ የክሩ ዓይነት፣ የገዢው ስም፣ የመኪናው ሰሌዳ እያንዳንዱ በቦታው ይጻፋል። ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

«አዑዙ ቢላህ!» አለችና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው።

ከጎን ካለው ክፍል አንድ ቀጭን ወጣት ሮጦ ገባ። «ማነው ያጠፋው?»

«እኔ! አንተስ ማነህ፣ በሰው ኮምፒውተር ላይ ጂን የምትለቅ?»

«ካሊድ እባላለሁ፣ ፋብሪካው ፕሮግራም እንድሠራለት ከደሴ ያስመጣኝ። ጂን ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ሊጨርስ ትንሽ ነበር የቀረው!»

ባልደረባዋ ስመኝ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ዊዳድ ግን አልሳቀችም። በዚህ የኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ወረቀቱን የሚያዘጋጁት እሷና ስመኝ ናቸው።

«እኛን ልታስወጣ ነዋ የመጣኸው!»

ካሊድ ዓይኑን ከዓይኗ አላሸሸም። «ለዚያ ከሆነ ወላሂ አልሠራውም።»

ወንበር ስቦ አሳያት። ዋናው ፕሮግራም ኮምፓይል ስለተደረገ፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ ስለተቀየረ፣ ሰው ሊያነበው አይችልም። ካሊድ ግን በውስጡ ስክሪፕት የሚያነብ ክፍል አስገብቶበታል። ይህ ክፍል በተራ ጽሑፍ የተጻፉ ትእዛዞችን በየመስመሩ እያነበበ የቢሮውን የጽሑፍ ሶፍትዌር ያዝዘዋል፦ ፋይሉን ክፈት፣ እዚህ ሙላ፣ አትም።

«ገዢዎቹ ቅጹን ሲቀይሩትስ?»

«ቅጹን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስክሪፕቱን ክፍት የተውኩትም ለዚያ ነው፤ ራሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ። አብሽሪ፣ አስተምርሻለሁ።»

አስተማራት። የመጀመሪያዋን ትእዛዝ ጽፋ ሶፍትዌሩ እንዳለችው ሲታዘዝ በደስታ ዞር አለች። ካሊድ የሚያየው ግን ስክሪኑን አልነበረም። ማተሚያው ብቻ ይንጫጫል።

ወራት አለፉ፤ ሁለቱም ተዋደዱ። ካሊድ ደጋን ከተማ ወዳለው የአባቷ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆረጠ። በዋዜማው ሥራ አስኪያጁ አቶ ገበየሁ ዊዳድንና ስመኝን ጠሯቸው።

«ከሰኞ ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል ትገባላችሁ። የእናንተን ሥራ የካሊድ ፕሮግራም ይሠራዋል።»

አልጠየቋቸውም፣ አላማከሯቸውም። ሥራ እንዲያቀል የመጣ መሣሪያ ሥራ መቀሚያ ሆነ! ይህን ያደረገው ደግሞ ማሽኑ አይደለም። ማሽን ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም። የሚያስነሳው ሰው ነው፤ ካስነሳ በኋላ በማሽኑ ያሳብባል።

ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ደጋን ደረሱ። እንደ ወጉ ዊዳድ ጓዳ ተቀምጣለች፤ መልሷን ለአባቷ የምታደርሰው እናቷ መዲና ናት።

«ምን ልበላቸው ልጄ?»

«ይመለሱ በያቸው። ከፊቴ እያስተማረ ከኋላዬ ለሸጠኝ ሰው አልዳርም!»

አባቷም «ልጅቱ ገና ናት» ብለው ሽማግሌዎቹን በክብር ሸኟቸው።

ሰኞ ስመኝ ወደ ማሸጊያ ክፍሉ እየተንደረደረች ገባች።

«አንቺ ገመድ ነቃይ! አሁንም ሳትጠይቂ ነቀልሽ!»

«ምን ሆነሻል?»

«የአቶ ገበየሁ ጸሐፊ ሁሉንም ነገረችኝ። ‹ስክሪፕቱን ፕሮግራሙ ውስጥ ቆልፈው፣ ሴቶቹ እንዳይነኩት› ብለውት ካሊድ እምቢ አላቸው። ‹እነሱ ከወጡ እኔም እወጣለሁ› ብሎ ወጣ! የቆለፈላቸው ሌላ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ደጋን ሲደርሱ እሱ ሥራ አልነበረውም።»

ዊዳድ ጋወኗን አውልቃ ወደ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ካሊድን ፒያሳ፣ የአንድ ሱቅ ኮምፒውተር ሲጠግን አገኘችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰላምታ አይቀድምም?»

«አይቀድምም!»

ካሊድ መፍቻውን አስቀመጠ። «ሽማግሌዎቼ ሊሄዱ ሲሉ ውለታ ልቁጠርብሽ? በውለታ እሺ እንድትይኝ አልፈለግኩም።»

«ስለ እኔ ሥራ ተከራከርክ፣ ስለ እኔ ብለህ ወጣህ፤ ለእኔ ግን አንድ ቃል አልተነፈስክም! አቶ ገበየሁም ሳይጠይቁኝ ነው የወሰኑት። አንተ ከእሳቸው በምን ትለያለህ?»

ካሊድ አቀረቀረ። ውጭ ባጃጆች ይንጫጫሉ። ቀና ሲል ዓይኖቹ ርሰው ነበር።

«ልክ ነሽ። ከእንግዲህ ያለ አንቺ አልወስንም።»

«እንግዲያው ሥራውን እዚሁ አብረን እንጀምራለን። ስክሪፕቱን እኔና ስመኝ እንጽፋለን፣ ፕሮግራሙን አንተ። ሽማግሌዎቹንም መልሰህ ላክ።»

«ደግመው ካፈሩ ከደሴ ያባርሩኛል!»

«አብሽር» አለች፣ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የደጋኑ በር ተንኳኳ። መዲና ልትከፍት ተነሳች። ዊዳድ ግን ከጓዳ ወጥታ ቀደመቻትና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ትልቁ ሽማግሌ ልጅቱን ራሷን ደጃፍ ላይ ሲያዩ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆሙ። «ባለፈው ‹ልጅቱ ገና ናት› ተብለን ነበር…»

«ልጅቱ ደርሳለች» አለች ዊዳድ። «ይግቡ።»