የተረከዙ ብረት

አቶ ሙላቱ እሑድ ረፋድ ላይ ከበረዶው ሲወጡ መጀመሪያ የታየው እግራቸው ነበር። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው በረዶ ዱካ የሚባለውን ሁሉ ስለደፈነው፣ የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ያገኟቸው በረጅም ዘንግ እየወጉ ነው። ከገደሉ አፍ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረዶ ከሥራቸው ተደርምሶ ሠላሳ ሜትር ወርደዋል። ሐኪሙ «አደጋ» ብሎ ጻፈ። የካንቶኑ፣ ማለትም የክፍለ ግዛቱ፣ ፖሊስ መርማሪ ሔዋን ግን እግሮቹን ስታይ ቆየች፤ አራት ፎቶ አነሳች፣ ሄደች፣ ተመልሳ አምስተኛውን አነሳች።

ሔዋን ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛዋ ከእናቷና ከሰንበት ትምህርት ቤት የተገኘ በመሆኑ አጭር አጭር ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ያዝኑላትና ከሚገባው በላይ ያስረዷታል። ለመርማሪ ከዚህ የበለጠ በረከት የለም።

የቅዳሜው የተራራ ጉዞ ምክንያት እርቅ ነበር። የጄኔቫና የዙሪክ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት በውሰት ሄዶ በቀረ አንድ ማይክሮፎን ሰበብ ስድስት ዓመት ተኳርፈዋል። ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸው ሽማግሌ አቶ ሙላቱ ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ለጥገኝነት ጠያቂዎች ሲያስተረጉሙ የኖሩ፣ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወገባቸው መታጠፍ እምቢ ያላቸው ሰው። ከከባድ በረዶ ማግስት ተራራ ላይ፣ እንደ ሰፌድ በተንሰራፋ የበረዶ ጫማ እየሄድን እንታረቅ ሲባሉ እሺ ማለታቸው ሁሉንም አስገርሟል። ከጄኔቫ ሊቀመንበሩ ፍቅሬ፣ ከዙሪክ ጸሐፊዋ ሲፈን ሄዱ። መሪያቸው ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን መጋዘን የሚሠራው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ተራራ የማይጠፋው ሙአዝ ነበር።

እስከ መገንጠያው ሜዳ ነው። ከዚያ ግራው ወደ ተራራው ጎጆ፣ ቀኙ ወደ ገደሉ ይወጣል፤ ሁለቱም ዳገት ናቸው። ልክ መገንጠያው ላይ ጉም ወረደ። ሙአዝ ጉልበት የሚደርሰውን በረዶ እየጣሰ መንገድ ሊከፍት ወደ ግራ ቀደመ፤ ሲፈን ተከተለችው፤ ፍቅሬና አቶ ሙላቱ ኋላ ቀሩ። ጎጆው ላይ ፍቅሬ ያለ አቶ ሙላቱ ደረሰ። ደክሟቸው ወደ መኪናው ተመልሰዋል አለ። ሦስቱም ተያይዘው ሲወርዱ መኪናው ጋ ማንም አልነበረም።

ለቅሶው ጄኔቫ ዳርቻ ቬርኒየ፣ ሌ ሊኞን በሚባለው ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ፣ በሟች ቤት ነው። በሩ ላይ ሠላሳ ጥንድ እርጥብ ጫማ ተከምሯል፤ ሊፍቱ ሌላ ሠላሳ ሊያመጣ ይወጣል ይወርዳል። ዓቢይ ጾምና ረመዳን ስለገጠሙ ቤቱ ውስጥ ያልተራበ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፣ ከዙሪክ የመጡት ደግሞ በየደቂቃው የባቡር ሰዓት ያያሉ። ሙአዝ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሲገባ እጁን ቢዘረጋ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ሕብስት አልተቀበሉትም።

«መሪ ነኝ ብለህ ባሌን በረዶ ላይ ጥለህ ሄድክ» አሉት፤ ቤቱ ሁሉ ሰማ።

ሙአዝ ጥገኝነቱን ከተከለከለ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ስለመኖሪያ ፈቃዱ የመጨረሻው ውሳኔ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። ሰው አስገደለ ተብሎ ስሙ ፖሊስ መዝገብ ላይ ከሰፈረ የሚመጣው መልስ ምን እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሔዋን ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ አልተቀመጠችም። አንድ በአንድ ወደ ኮሪደሩ እየጠራች ጠየቀች።

ሲፈን ባቷን እያሸች መጣች። በሕይወቷ የበረዶ ጫማ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው። ዳገቱ መሐል ባቷ ተሳስሮ መንገዱ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ ሙአዝን ከፊቷ ጉም ዋጠው፣ ፍቅሬ እስኪደርስባት ግማሽ ሰዓት ብቻዋን ነበረች። ስለ ተረከዙ ብረት ብትጠየቅ «ደግሞ ብረት አለው?» አለች።

ሙአዝ ያስረዳው አንገቱን ደፍቶ ነው፤ ሔዋን የግራ ካልሲው ጫፍ ባዶ ሆኖ መታጠፉን አየች። በየጫማው ተረከዝ ሥር አንድ ቀጭን ብረት አለ፤ ዳገት ሲወጡ ቆሞ ተረከዝ ይደግፋል፣ ባትንም ያሳርፋል፤ በሜዳና በቁልቁለት ይተኛል። የአቶ ሙላቱን ጫማ ያሰረው እሱ ራሱ ነው፤ ሜዳው ላይ የሁሉም ብረት ተኝቶ ነበር።

«ጉም ውስጥ ጎጆውን ቶሎ ላግኝ ብዬ ቀደምኩ» አለ። «ጥፋቴ እሱ ነው።»

ወይዘሮ ሕብስት ባላቸው ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር ነገሯት። «ሁለት ሰዎች አንድ ታሪክ ነገሩኝ፤ ሁለቱንም ተረጎምኩ። አንደኛው የእግር ጣቱን ያጣው በአፉ ብቻ ነበር» ይል ነበር። ጎጆው ሲደርሱ ሁለቱም ባሉበት እንደሚናገርም ነግሯቸዋል። ጾም ሽማግሌን ያስቀባጥራል ብለው አለፉት።

ፍቅሬን ግን ሔዋን ወደ ኮሪደሩ አልጠራችውም። እዚያው፣ በለቀስተኛው ፊት ጠየቀችው።

«አቶ ፍቅሬ፣ መገንጠያው ላይ ምን ሆነ?»

«ደከሙ። ልጄ፣ እኔ ልመለስ አሉ። አብሬ ልመለስ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። የሽማግሌ ነገር ታውቂው የለ።»

«ብቻቸውን ለቀቋቸው?»

ሠላሳ ራስ ወደ ፍቅሬ ዞረ። «ሄዱ» ብሎ ዝም ቢል ማንም ባልነካው ነበር። ነገር ግን አንዳንድ ሰው ከወንጀል ይልቅ ነውርን ይፈራል።

«እንዴት ዝም ብዬ እለቃቸዋለሁ? ከበረዶው ላይ ተንበርክኬ ማሰሪያቸውን አጥብቄ ነው የሸኘኋቸው። መርቀውኛል።»

«ተባረክ» አሉ አንዲት እናት።

«ብረቱስ?»

«እሱንም አስተኝቼላቸዋለሁ። ሜዳ ላይ ከቆመ ሰው በአፍንጫው ይደፋል። ስምንት ክረምት የተራመድኩ ሰው ነኝ፤ ጀማሪ አደረግሽኝ እንዴ?»

ሔዋን ስልኳን አውጥታ አምስተኛውን ፎቶ ለወይዘሮ ሕብስት አሳየቻቸው። ከዚያ እየተንጎራደደች፣ በዚያ በአጭር አማርኛዋ ቀጠለች።

«ሁለቱም ብረት ቆሟል። አንዱ ቢሆን ሲወድቁ ተነሳ እል ነበር። ሁለቱም ግን ተቆልፈዋል፣ በላያቸው በረዶ ጠጥሯል። ሜዳው ላይ ተኝተው ነበር። ወደ መኪናው ዳገት የለም። ገደሉ ጋ ግን ያለ ዳገት አይደረስም። ታዲያ ማን አቆማቸው? አቶ ሙላቱ መጎንበስ አይችሉም።»

ሊፍቱ ደረሰ፤ የሚወርድ ሰው አልነበረም።

«ሲፈን ብረት መኖሩንም አታውቅም፤ ባቷ ምስክር ነው። ሙአዝ ወደ መገንጠያው ለመመለስ በሲፈን በኩል ማለፍ ነበረበት፤ እሷ መንገዱ መሐል ተቀምጣለች፣ ጉልበት በሚደርስ በረዶ ውስጥ ሌላ መንገድ አልተከፈተም። አቶ ፍቅሬ ተንበርክኬ ነበር ብለዋል። እሱ እውነት ነው፤ ተንበርክከው ነበር። የተንበረከኩት ግን ሊያቆሙት ነው።»

«ሥራ አለብኝ» አለ ፍቅሬ ሰዓቱን እያየ።

«ትንሽ ይቆዩ። ሙአዝ፣ የግራ ካልሲህን ታወልቅልኛለህ?»

ሙአዝ ግራ ገብቶት አወለቀ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች የሉም፤ የእስር ቤት በር ሥር የቀሩ ናቸው። ይህንን ሱዳን፣ የስደተኞች መጠለያ ድንኳን ውስጥ ለአንድ ወዳጁ ከነዝርዝሩ አጫውቶት ነበር። ወዳጁ ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ስዊዘርላንድ ገባ። ሙአዝ ተራው ደርሶ ለጥገኝነት ቃሉን ሲሰጥ ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ሰምተነዋል ተባለ። የፈረንጅ ጨዋነት ሰውን ጫማህን አውልቅ አያሰኝም፤ ስለዚህ እግር ያየ አልነበረም፣ የታየው ወረቀት ነው።

«አቶ ፍቅሬ፣ እርስዎም» አለች ሔዋን።

ፍቅሬ ሁለት እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ።

ሙአዝ አየው። መጀመሪያ ወደ እግሩ፣ ቀጥሎ ወደ ፊቱ። «ፍቅሬ?» አለ፣ ገና ድንኳኑ ውስጥ እንዳለ ሰው።

«ራስህ ንገረው ነው ያሉኝ» አለ ፍቅሬ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «ይቅርታ ጠይቅ ብቻ። ሠላሳ ዓመት የአስተርጓሚ ምስጢር ጠብቀው፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ልጄ እያሉ... በስተ ቀኝ ያቋርጣል አልኳቸው። አልገፋኋቸውም። ወደ ጎን ቆሜ እርስዎ ይቅደሙ አልኳቸው።»

ከታች የሚጠብቁት ሁለት ፖሊሶች ወጥተው ወሰዱት። ከጫማው ክምር ውስጥ የራሱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ሔዋን ለሙአዝ ነገ ጠዋት ቢሮዋ መጥቶ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንዲያስመዘግብ፣ እሷም የአቶ ሙላቱን ቃልና የእሱን የሙአዝን እግር ፎቶ አያይዛ ውሳኔውን ለሚሰጡት እንደምትልክ ነገረችው። ሙአዝ ራሱን ነቀነቀ፤ የሰማ አይመስልም። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያደርግ ክሩ ሁለት ጊዜ ከእጁ አመለጠው።

ወይዘሮ ሕብስት ከፍራሹ ተነሡ። ሰው ሁሉ እያያቸው ወደ በሩ መጥተው ተንበረከኩ፣ ክሩንም ከእጁ ወሰዱ።

«ኧረ እትዬ፣ አይሆንም፣ በአላህ...»

«ዝም በል» አሉት እያሰሩለት። «የእኔ ወገብ ገና ይታጠፋል።»