መስኮት ላይ የተሰጡ ፖስታዎች

ጸሐፊዋ ከአዲሱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጋር የተዋወቀችው እጇን እስከ ክርኗ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከታ ነው።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ቡናማ ወረቀት» አለች አፍራ።

አልሳቀባትም። «ለምን?» አለ። እስከዛሬ ማንም እንዲህ ጠይቋት አያውቅም፤ ነገረችው።

ቀን ደብዳቤ ስትተይብ ትውላለች፤ ቤቷ ስትገባ ወረቀት እየቆረጠችና እየለጠፈች ሥዕል ትሠራለች። ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ ሕፃን ታቅፋ የምትተይብ ሴት... ችግሩ፣ ከመጽሔት የምትቆርጣቸው የቢሮ ሴቶች ሁሉ ነጮች ናቸው። እሷም ነጭ ናት። ልጇ ግን ቁርጥ አባቷን ናት፤ ነፍሱን ይማረውና ጥቁር ነበር። መንገደኛው ሁሉ «ልጅሽ ናት?» እያለ አንጀቷን ያሳርራታል። በቅርቡ ደግሞ ልጅቷ ራሷ «እማዬ፣ እኔ ለምን ሥዕሉ ላይ የለሁም?» አለቻት። ቡናማ ወረቀት ፍለጋ የገባችው ለዚህ ነው።

ሰውየው ከዚያ ወዲህ ያረጁ ካኪ ፖስታዎች ያቆይላት ጀመር። ወሬያቸው ደራ። ልቧም ሳታዝዘው ወደ መዝገብ ቤቱ መሮጥ ለመደ።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጇን ይዛ መጣች። ሰውየው ልጅቷን ትክ ብሎ አያት... አየ፣ አየና ቃል ሳይተነፍስ ውልቅ ብሎ ሄደ።

«እሱም እንደ ሰዉ ነው ለካ» አለች በልቧ። ቅጥል አለች። ሰላምታዋንም ነፈገችው።

ግን በመዝገብ ቤቱ በኩል ስታልፍ መስኮቱ ላይ የተደረደሩ ፖስታዎች ታያለች፤ በየቀኑ ይለዋወጣሉ። «ምን አገባኝ» ብላ አለፈች። በማግስቱም አለፈች። በመጨረሻ አላስችል አላትና ገባች።

«ፖስታ ታሰጣለህ እንዴ?»

«በአምፖል ሁሉም አንድ ይመስላል። በቀን ብርሃን የልጅሽን መልክ እየፈለግሁ ነው።»

«ታዲያ የዚያን ቀን ጥለኸን የሄድከው?»

«መልኳ ከዓይኔ ሳይጠፋ ከፖስታዎቹ ጋር ላመሳስል ብዬ...»

«አፍ የለህም?»

«አለኝ። አንቺ ፊት ነው የሚተሳሰረው።»

ንዴቷ እዚያው በነነ። ወደደችው፤ ከራሷም አልደበቀችም።

ቅዳሜ ቤቷ ጠራችው። ልጅቷ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ጉንጯ ላይ እያስጠጋች መስታወት አየች።

«ይቺ እኔ ነኝ» አለች አንዷን መርጣ።

እናቷ ከፖስታዋ ትንሽ ልጅ ቆረጠች፤ ሥዕሉ ላይ ከምትተይበዋ ሴት ጭን ላይ ለጠፈቻት። ልጅቷ ግን አልጠገበችም። ከትርፉ ፖስታ ረጅም ሰው ቆረጠች።

«ይሄስ ማነው?»

«ፖስታ የሚያሰጣው ሰውዬ። አጠገብሽ ልለጥፈው?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። እናቲቱ እሱን አየችውና የሙጫውን ብሩሽ ለልጇ አቀበለቻት።

«ጠበቅ አድርገሽ ለጥፊው፣ የኔ እናት።»